ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ

እኛ ሰፈር የውሃ ፈረቃው ሐሙስ እና እሑድ ነው። ኮንዶሚኒየም የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ ውሃው እስከ ሁለተኛ ፎቅ ይወጣና አቅም ያጥረዋል። ከዚያ በላይ ያለነው ጀሪካናችንን ይዘን እንወርዳለን፣ ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ተሰልፈን ቀድተን እንወጣለን። ሊፍት የለም። እኔ ሦስተኛ ፎቅ ነኝ። እማማ አራተኛ ናቸው፣ ልክ ከራሴ በላይ።

እማማ ከ70 ዓመት አልፏቸዋል። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ አንድ ልጃቸው አሜሪካ፣ ዲሲ አካባቢ ነው። መጀመሪያ የተዋወቅነው ደረጃ ላይ ነው። 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን እግራቸው ሥር አስቀምጠው ደረጃው ላይ ቁጭ ብለዋል። ትንፋሽ አጥሯቸዋል። ጀሪካኗን ተቀብዬ አደረስኩላቸው። ቤታቸው ስገባ ባልዲው ባዶ ነው፣ በርሜሉ ባዶ ነው። የራሴን 20 ሊትር አምጥቼ ገለበጥኩላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእሳቸው ውሃ የእኔ ሥራ ሆነ። ሐሙስ ሁለት ጀሪካን፣ እሑድ አንድ። ማንም አላዘዘኝም፣ እሳቸውም አልለመኑኝም።

እስካሁን የጻፍኩትን ለብዙ ሰው ተናግሬዋለሁ። ከዚህ በታች ያለውን ግን ለማንም አልተናገርኩም።

መጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ምንም አላሰብኩም። ውሃ ነው፣ ወጣሁ፣ ወረድኩ፣ አለቀ። ሦስተኛው ወር ላይ ነው አንድ ነገር የተለወጠው። ደረጃውን ስወጣ ቀስ ማለት ጀመርኩ። ጀሪካን የያዘ ሰው ቶሎ ወጥቶ ቢገላገል ነው የሚሻለው፤ እኔ ግን ሰው በሩን ከፍቶ እንዲያየኝ እዘገይ ነበር። የሁለተኛ ፎቋ ጎረቤቴ "ተባረክ፣ የእናት ልጅ!" ስትለኝ "ኧረ ምንም አይደል" እላታለሁ። ምንም አይደል ብዬ ግን ምርቃቷን እንደ ጥሩ ዜና ይዤ ቤቴ እገባለሁ። ሰው ያላየኝ ቀን ሲገጥም ደግሞ ውሃው ይከብደኛል። ያው 20 ሊትር፣ ያው ደረጃ።

ከዚያ በታች ደግሞ ሌላ ነበር። ያኔ ሥራ የለኝም። ኮንትራቴ ካለቀ ስምንት ወር ሆኖታል፣ ሲቪ ያላስገባሁበት ቦታ የለም። እና ጀሪካኑን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ስወጣ አንድ ሐሳብ ይመጣል። እማማ አንድ ቀን ለልጃቸው ደውለው "እንደ ልጄ የሚያየኝ ልጅ አለ፣ አንድ ነገር አድርግለት" ቢሉትስ? ልጁ ሰው ያውቃል። አንድ ኢሜይል ቢጽፍ፣ ለአንድ ጓደኛው ቢደውል። ይህን ጮክ ብዬ ለራሴ እንኳ ብዬው አላውቅም። ግን ነበረ። በየሐሙሱ ከእኔ ጋር ደረጃውን ይወጣ ነበር።

ልጃቸው ለገና መጣ። እማማ አስጠሩኝ። ሸሚዝ ቀይሬ ወጣሁ። ሳሎኑ በሰው ተሞልቷል፣ ቄጠማ ተጎዝጉዟል፣ ቡናው ተቆልቷል። እማማ ክንዴን ይዘው ወደ ልጃቸው ወሰዱኝና "ውሃ የሚያመጣልኝ ልጅ ይሄ ነው" አሉት።

በቃ፣ ይህን ብቻ ነው ያሉት።

ልጁ ደግ ሰው ነው፤ ይህን መካድ አልችልም። ተነሥቶ አቀፈኝ፣ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ" አለኝ። ስወጣ እስከ በር ሸኘኝ። ሲጨብጠኝ መዳፌ ውስጥ የታጠፈ ነገር አስጨበጠኝና "ለሻይ ናት" አለ። ቤቴ ገብቼ ፈታሁት። 100 ዶላር ነው። ለእኔ ያኔ ትልቅ ገንዘብ ነው፤ ያለብኝን የቤት ኪራይ ይሸፍናል። ኪራዩንም ከፈልኩበት። ግን ያን ማታ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ሆዴ ባሰኝ። ለምን እንደባሰኝ ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። የሆነ ነገር እፈልግ ነበር፣ የሆነ ነገር አገኘሁ። ታዲያ ምኑ ነው ያመመኝ?

ገንዘቡ ሒሳቡን ስለዘጋው ይመስለኛል። ሻይ የሚሰጠው ዕቃ ላወረደ ሰው ነው። ለሻይ ከተባልክ በኋላ የሚቀር ነገር የለም፤ አመሰግናለሁ ብለህ ትሄዳለህ። እኔ የፈለግሁት ሒሳቡ ክፍት እንዲቆይ ነበር። "እንደ ልጄ ነው" የሚለውን ቃል ነበር የፈለግሁት። የጉልበቴን ዋጋ ሳይሆን ከጉልበቴ የሚበልጥ ነገር ጠብቄ ነው የከረምኩት። መጠበቄን ደግሞ ማንም አያውቅም፤ እማማም አያውቁም። ያልተጠየቀ ሰው ነው አልሰጠኝም ብዬ የተቀየምኩት።

የሚቀጥለው ሐሙስ አልወጣሁም። ልጃቸው ከተመለሰ አራት ቀን ሆኖታል። ጠዋት ከላይ ባዶ ጀሪካን ወለል ላይ ሲጎተት ሰማሁ። ኢርፎን ጆሮዬ ውስጥ ከተትኩ። እሑድም አልወጣሁም። ለራሴ ሥራ ፍለጋ ላይ ነኝ አልኩት። ሁለተኛው ሐሙስም እንዲሁ አለፈ።

በዚያ ሰሞን አያቴ ትዝ አለችኝ። የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት ስትመጣ ሁልጊዜ የምትነግረን የበላኤ ሰብእን ታሪክ ነው። ኦርቶዶክስ ቤት ያደገ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። 78 ነፍስ የበላው ሰው፣ መንገድ ላይ ውሃ የጠማው በሽተኛ አግኝቶ "ስለ ማርያም" ሲለው ጥርኝ ውሃ የሰጠው፣ በፍርድ ቀንም ያ ጥርኝ ውሃ በሚዛን ላይ የወጣለት። እኔ ልጅ ሆኜ አንድ ጥያቄ ነበረኝ። ሰውየው ውሃውን የሰጠው አዝኖ ነው ወይስ ዋጋ አገኝበታለሁ ብሎ? አያቴ ጥጥ እየፈተለች ነበር። እጇን አላቆመችም። "የጠማው ሰው ይህን አይጠይቅህም" አለችኝ።

ያኔ መልስ አልመሰለኝም ነበር። አልጋዬ ላይ ሆኜ የጀሪካኑን ድምፅ ላለመስማት ሙዚቃ ስከፍት ግን ገባኝ። ለአሥራ ሰባት ወር ያመጣሁት ውሃ በንጹሕ ልብም ይምጣ በተንኮል፣ ሽሮ ተሠርቶበታል፣ ልብስ ታጥቦበታል፣ እማማ ጸሎት ሊያደርሱ ሲሉ ፊታቸውን ታጥበውበታል። አሁን ልቤ እስኪጠራ ብዬ ቤቴ ብቀመጥ በርሜሉ ባዶውን ነው የሚቀረው። አንዳንድ ሰው "ከልብህ ካልሆነ አትስጥ" ይላል። ሲነገር ያምራል። አራተኛ ፎቅ ላይ ላለች አሮጊት ግን ምን ይጠቅማታል?

እና ደግሞ፣ እኛ አገር መልሶ መጠበቅ ከመቼ ወዲህ ነው ነውር የሆነው? እድርን ተመልከቱ። ወር በወር ትከፍላለህ፣ ጡሩምባ ሲነፋ ትወጣለህ፣ ቀብር ካልደረስክ ትቀጣለህ። ስም ይጠራል። ሁሉም የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ "ነገ የእኔ ሲሆን ማን ያነሣኛል?" ይህን ማንም አይደብቀውም። ድንኳኑም ወንበሩም ድስቱም የቆመው በዚህ ላይ ነው። ለዚህ ሲባል ግን ለቅሶ ቤት ያደረ ሰው ለቅሶው የውሸት ነው የሚል የለም።

የጎረቤት ሳህንም አለላችሁ። እናቴ ቤት ግድግዳ የምንጋራቸው ሙስሊም ጎረቤቶች ነበሩን። ረመዳን ሲሆን ማታ ማታ ሳምቡሳ በሳህን ይመጣል፣ በፎጣ ተሸፍኖ፣ ገና ትኩስ። ያ ሳህን ባዶውን አይመለስም። ለፋሲካ ሥጋችንን ስለማይበሉ እናቴ ከድፎ ዳቦው መሐሉን ቆርጣ በዚያው ሳህን ላይ ታደርግና እኔን ትልከኛለች። ሳህኑ ስንት ዓመት እንደተመላለሰ አላውቅም። ጠርዙ ላይ ሰማያዊ አበባ ነበረበት፣ አንዱ ቦታ ተሸርፏል። የእነሱ ይሁን የእኛ መጨረሻ ላይ ማንም አያውቅም ነበር። አንድ ጊዜ ባዶውን ይዤ ልሄድ ስል እናቴ በር ላይ ያዘችኝ። "ምን ነካህ? ባዶ ሳህን ይመለሳል እንዴ?" ቤት ውስጥ ምንም አልነበረም። ስኳር አደረገችበት።

ደም ስለመስጠትም አስባለሁ። የመጀመሪያ ጊዜ የሰጠሁት አጎቴ ኦፕራሲዮን ሲደረግ ነው፣ ቤተሰብ ምትክ አምጡ ተብሎ። ያን ቀን ዘመድ ሁሉ ሲስመኝ ዋለ፣ ጁስ የገዛልኝ ሰው ብዛቱ። ሁለተኛው ጊዜ መንገድ ዳር በተተከለ ድንኳን ውስጥ በፈቃዴ ሰጠሁ። ብስኩት በላሁ፣ ክንዴን አጥፌ ታክሲ ተሳፈርኩ። ለማን እንደገባ አላውቅም። ደስ ብሎኛል፤ ግን ለብዙ ቀን "ለማን ይሆን?" እያልኩ ነበር። በየሦስት ወሩ መስጠት ይቻላል፣ እኔ ግን ከዚያ በኋላ ዓመት ቆየሁ። ስቶክሆልም ያለ ጓደኛዬ ይህን ስነግረው ስልኩ ላይ ያለ መልእክት ፎቶ አንሥቶ ላከልኝ። እዚያ ደም የሰጠ ሰው ደሙ ለታማሚ ሲሰጥ አጭር የጽሑፍ መልእክት ይደርሰዋል። ለማን እንደሆነ አይነግሩትም። ለሰው ደርሷል ብቻ ነው የሚሉት። ጓደኛዬ መልእክቱን አላጠፋውም፤ ሁለት ዓመት ሆኖታል። የሰውን ልብ የሚያውቅ ሰው ነው ይህን ያሰበው እላለሁ። ገንዘብ ሳይሆን ደርሷል የሚል ቃል ብቻ። እኔም ከእማማ የፈለግሁት ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ወደ እማማ ልመለስ። በሁለተኛው እሑድ የታችኛው ፎቅ ልጅ በሬን አንኳኳ። "እማማ ቡና ጠጣ ብለውሃል።" ዓይኔን በጨው ታጥቤ ወጣሁ። ምንም አላሉኝም። የት ጠፋህም፣ ለምንም የለም። ፍም ላይ ጀበናው ተጥዷል። "ስኒ አነሰኝ፣ ከወጥ ቤት አምጣልኝ" አሉኝ።

የኮንዶሚኒየም ወጥ ቤት ጠባብ ነው። መደርደሪያው ከበሩ ኋላ ስለሆነ ስኒ ለማውጣት በሩን መዝጋት ግድ ነው። ዘጋሁት። ከበሩ ጀርባ፣ ከወገቤ እስከ ትከሻዬ ድረስ፣ በከሰል የተጫሩ መስመሮች አሉ። ሦስት ሦስት ሆነው የተሰለፉ። ሁለት፣ ትንሽ ክፍተት፣ አንድ። ሁለት፣ ትንሽ ክፍተት፣ አንድ። ከላይ ያሉት ደብዝዘዋል፣ አንዳንዱ በእጅ ተነካክቶ ተሽሯል፣ እንደገና ተጭሮበታል። መጨረሻው ረድፍ ላይ ባዶ ቦታ ነበር። የአንድ መዳፍ ስፋት ያህል።

ስኒውን ይዤ ቆምኩ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። እማማ በሩን ገፋ አደረጉና አዩኝ።

"ያንተ ነው" አሉ። "214 ነው። ፊደል አልቆጠርኩም፣ ቁጥር ግን አይጠፋኝም።"

"ለምንድን ነው የሚጽፉት እማማ?"

"ዕዳዬን ሳላውቅ ልሙት?"

ቡናው እየቀዘቀዘ ነገሩኝ። የመንዝ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው አገር ቤት ወንፈል ሲገባ አባታቸው የማን ጉልበት ስንት ቀን እንደመጣ በአጥር እንጨት ላይ በቢላ ይጭሩ ነበር። ደቦ ሌላ ነው፤ ደቦ የጠራ ሰው አብልቶ አጠጥቶ ይሸኛል። ወንፈል ግን ቀን በቀን ነው። አንድ ቀን ያረሰልህን አንድ ቀን ታርስለታለህ። "ወንፈል ሳይመልስ የሞተ ሰው ልጆቹ ይመልሱለታል። እኔ ጉልበት የለኝም። በምን እመልስለታለሁ እያልኩ እዚህች በር ላይ ስጭር ነው የከረምኩት።"

"ልጅዎ እኮ ሰጥቶኛል" አልኩ። አንገቴን ደፍቼ ነው።

"አይቻለሁ። ለሻይ ብሎ ሲያስጨብጥህ ደስ አላለኝም። የእኔን ዕዳ እሱ በምን አውቆት ይከፍላል? እሱ የሰጠህ የራሱን ነው። እናቱን ትቶ ስለሄደ።"

ይህን ሲሉ ድምፃቸው አልተለወጠም። የእኔ ግን አንጀቴ ተላወሰ። እኔ ሒሳብ የምይዘው ብቻዬን ይመስለኝ ነበር። እሳቸው ከእኔ በላይ ባለው ወለል ላይ፣ ከእኔ ይበልጥ በጥንቃቄ፣ እያንዳንዷን ጀሪካን ይዘው ነበር። የእኔ ሒሳብ "ምን አገኛለሁ" ነበር። የእሳቸው "ምን እሰጠዋለሁ" ነው። ጀሪካኑን ባስቀመጥኩ ቁጥር የሆነ ነገር ሊሉኝ አፋቸውን ሲከፍቱ "ኧረ ምንም አይደል እማማ" ብዬ ወደ በር እሮጥ ነበር። 214 ጊዜ። ትሕትና ይመስለኝ ነበር። እሳቸው ጋ ግን እንደ ተዘጋ በር ነው የደረሰው። ምንም ካልሆነ ምን ይመለሳል? ቡና እንኳ አንድ ቀን ተቀምጬ አልጠጣሁላቸውም። ሥራ አለኝ እላለሁ፤ ሥራም አልነበረኝ።

አሁን ያን ጊዜ ሳስበው ጥፋቴ መፈለጌ አይመስለኝም። ሰው ሲሰጥ ይፈልጋል፤ ስም ይፈልጋል፣ ምርቃት ይፈልጋል፣ ሰማይ ቤትም ይፈልጋል። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ሳንቲም የምንሰጣቸው እናት "በሰው እጅ አትውደቅ" ሲሉን አሜን ብለን ነው የምንሄደው፤ አሜን የምንለው እኮ ስለምንፈልገው ነው። እሳቸውም ይህን ያውቃሉ፣ በልመና ሳይሆን በምርቃት ነው የሚመልሱልን። ጥፋቴ ፍላጎቴን ከሚሰጠኝ ሰው ደብቄ፣ ያልሰጠኝ ዕለት የቀጣሁት መሆኑ ነው። በአሥር ቀን ጥማት።

ስለዚህ ነገርኳቸው። ሦስተኛውን ስኒ እየጠጣን፣ ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ እየተሰነቀረ፣ "እማማ፣ ሥራ የለኝም። ልጅዎ አንድ ነገር ያደርግልኛል ብዬ አስብ ነበር። ውሃውን ሳመጣ ይህን አስብ ነበር" አልኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ወይም ያዝናሉ። ትንሽ ዝም አሉና "ታዲያ ይህን አሥራ ሰባት ወር ሙሉ ይዘህ ነው ደረጃውን የምትወጣው? ከውሃው እሱ አይከብድም?" አሉ።

ያን ማታ ልጃቸው ጋ ደወሉ። በግድግዳው ሳይሆን በጣሪያዬ በኩል ድምፃቸውን ሰማሁ። "እንደ ልጄ" አላሉም። "የምከፍለው ዕዳ አለብኝ፣ አግዘኝ" ነው ያሉት። ልጁ ሲቪዬን ተቀብሏል፣ ለሁለት ሰው ልኬዋለሁ ብሎኛል። እስካሁን የመጣ ነገር የለም። እኔ በሌላ በኩል ከሁለት ወር በኋላ ሥራ አገኘሁ፤ ከዚህ ታሪክ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ይህን የምጽፈው ደግ ሠርቶ ተካሰ እንዳይባል ነው። አልተካስኩም። እንደዚያ አይሠራም።

የሆነው ነገር ሌላ ነው። አሁን እሑድ እሑድ ቡና እጠጣለሁ፣ ሦስቱንም። እሳቸው ስለ መንዝ ብርድ፣ ስለ ባላቸው፣ ስለ አጥሩ እንጨት ያወሩልኛል። ሸሚዜ ቁልፍ ከጎደለው አውልቅ ይሉኛል፤ አወልቃለሁ፣ መነጽራቸውን አድርገው ይሰፉልኛል። መጀመሪያ ሰሞን በጣም ያሳፍረኝ ነበር። መቀበል እንዲህ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር። ምንም አይደል የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ይመጣል፣ እውጠዋለሁ። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ እማማ" እላለሁ በምትኩ።

አሁንም ቀስ ብዬ የምወጣበት ቀን አለ። ሰው ቢያየኝ ደስ ይለኛል። ያ አልጠፋም፣ ይጠፋል ብዬም አልጠብቅም።

ያለፈው ሐሙስ ሁለተኛውን ጀሪካን በርሜሉ ውስጥ ገልብጬ ሳሎን ወጣሁ። እማማ ከኋላዬ ወጥ ቤት ገቡ። በሩ ተዘጋ። ከዚያ ከሰሉ እንጨቱ ላይ ሲሄድ ሰማሁ፤ አንድ ጊዜ፣ ቆም፣ አንድ ጊዜ። እስኪጨርሱ ጠብቄ ተቀመጥኩ።